የሥዕል ሰዎች ፈረንሳይ ሰፈርን የጎበኙ ዕለት

ፌቨን ይርዳው ትናንት ማታ ሕልም አየች። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል፤ እሷ ግን እንቅልፉ ባይወስዳት በወደደች ነበር፤ ሆድ ብሷት ነው የተኛችው። ሕልም ደግሞ እንደ ፈቺው ነውና፣ ፈቺ እንዳይሳሳት መጀመሪያ የተከፋችበትን ነገር ላስቀድም።

ፌቨን ሠዓሊ ናት። ሥራዋ ለካርቱን ፊልም ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ሁሉ፣ ቤቱን፣ መንገዱን፣ የመብራት ምሰሶውን መሣል ነው። ያደገችው አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን እያየች ነው። በነዚያ ፊልሞች ውስጥ የሚታዩት ደረጃዎችና የባቡር ማቋረጫዎች ብዙዎቹ በእውን ያሉ ቦታዎች ናቸው። ፊልሙን የወደደ ሰው ሥዕሉን በስልኩ ይዞ እዚያው ድረስ ይሄዳል፤ ሥዕሉን ከቦታው ጋር ያስተያያል፤ ፎቶ ይነሣና ደስ ብሎት ይመለሳል። ልክ እኛ ንግሥ እንደምንወርደው ማለት ነው። ፌቨን ይህን ባነበበች ቁጥር «አንድ ቀን የእኛንም ሰፈር እንዲህ ይፈልጉታል» ትል ነበር። ጓደኞቿ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ ግን ከልቧ ነበር።

ስለዚህ ከስቱዲዮ ጓደኞቿ ጋር የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሲሠሩ፣ ታሪኩን ያስቀመጠችው ተወልዳ ባደገችበት በፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ዳገቱን ሣለች። የቆርቆሮ አጥሩን፣ ቱቦውን፣ ቱቦው ላይ የምትተኛዋን ድመት ሳይቀር ሣለች። ከሁሉ አብልጣ የለፋችበት ግን የራሳቸው የግቢ በር ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ የታክሲ ሾፌር እዚያ በር ላይ ቆሞ ሴት ልጁን ይጠብቃል። ሾፌሩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አባቷ አቶ ይርዳው ከፈረንሳይ አራት ኪሎ ታክሲ ሲነዱ የሸበቱ ሰው ናቸው። ሥዕል ሥራ ነው ብለው ግን አያምኑም። ሰው «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው «እሷማ ገና ትጫወታለች» ነው መልሳቸው።

ትናንት ማታ ፊልሙ በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ ቤተሰቡም ተሰብስቦ አየው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሩን ሲያዩ እልል አሉ። አቶ ይርዳው ግን ሲያልቅ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣

«ታክሲው በግራ ነው የሚሄደው» አሉ።

«እ?»

«በግራ። መሪውም በቀኝ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ቤታችን በቀኝ ነው ያለው፤ ያንቺው በግራ ነው። ይሄ የእኛ ሰፈር አይደለም፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ተነሥተው ሊተኙ ሄዱ።

እውነታቸውን ነበር። ፊልሙ ሊወጣ ጥድፊያ ላይ ሳሉ፣ የስቱዲዮው አለቃ ኪሩቤል ፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ አካሄድ እንዲያምርለት ብሎ ሥዕሎቹን ሁሉ እንደ መስተዋት ገልብጧቸዋል። የተገለበጠውን ጽሑፍ ፌቨን ራሷ አንድ በአንድ አቀናችው። ታክሲዎቹ ግን ለማንም አልታዩም። ጃፓን ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ የስቱዲዮው ልጆች ዓይን ደግሞ የተገራው በጃፓን ፊልም ነው። አንዳቸው እንኳ ቀና ብለው በመስኮት ወደ ገዛ መንገዳቸው ቢያዩ ይበቃ ነበር። አላዩም።

ፌቨን ሌላ ነገር አልፈለገችም። አባቷ አንዲት ጊዜ «አዎ፣ ይሄ የእኔ በር ነው» እንዲሏት ብቻ ነበር የጓጓችው። ይህችኑ እያሰበች፣ ትራሷን አርጥባ፣ ተኛች። ከዚህ በኋላ ያለው ሕልም ነው።

አራት ኪሎ ቆማ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነው። የታክሲ ሰልፉ እስከ ታች ድረስ ተዘርግቷል፤ የተሰለፉት ግን ታክሲዎቹ ናቸው። አንድ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ታክሲዎቹ ይጋፋሉ፣ መስተዋት ለመስተዋት ይፋጫሉ። አንድ ጎልማሳ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ መጣና ሰልፉን ገላመጠ።

«እኔ ሞልቻለሁ» አለ። «የሚቀጥለውን ሰው ጠብቁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በወላዲቷ!» ይላል ወያላው። «ከጠዋት ጀምሮ ቆመን ማንም አልተሳፈረብንም። በትርፍም ቢሆን ውሰዱን!»

«በትርፍ ታክሲ አልይዝም። ትራፊክ አለ።»

እውነትም ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ አንዲት ቆሎ ሻጭ ፊሽካ ነፍታ አስቁማው፣ ቀበቶውን ስላላጠበቀ ትመክረዋለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ከማዶ ደግሞ በጎች ገበያ ወጥተው ሰው ይመርጣሉ። አንድ ሙክት የአንዱን ነጋዴ ወገብ በሰኮናው ጫን ጫን አደረገና ከንፈሩን ጣለ።

«ይሄ አጥንት ነው።»

«ምን ነካህ ወንድሜ!» አለ ሻጩ በግ። «ቤት ውስጥ በክትፎ ያደለብኩት ነው። ይልቅ ጥርሱን እየው።»

ነጋዴው አፉን ከፈተ። ፌቨን ዓይኗን ዞር አደረገች፤ ያን ሰውዬ ታውቀዋለች፤ ባለፈው ፋሲካ በግ የሸጠላቸው እሱ ነው።

ይህን ስታይ አንድ አውቶቡስ በግራ በኩል መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የወረዱት ሰዎች የሥዕል ሰዎች ነበሩ። ዓይናቸው የሻይ ማስቀመጫ ያህላል። ነፋስ ሳይኖር ፀጉራቸው ይነፍሳል። ጎናቸውን ሲያዞሩ ቀጥነው ይጠፋሉ፣ ፊታቸውን ሲመልሱ እንደገና ይገኛሉ። ሁሉም እጃቸው ላይ ፎቶግራፍ ይዘዋል። ቀድማ የወረደችው ሐምራዊ ፀጉር ያላት ልጅ እጅ ነሣች።

«ይቅርታ እመቤት፣ የሾፌሩ በር በየት በኩል ነው?»

ቃሉ አልቆ አፏ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። ፌቨን ወደ ሌላ ቋንቋ የተመለሰ ፊልም ለምዳለችና አፉ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀች።

«ከየት መጣችሁ?»

«ከሥዕል ሀገር። እኛ ዘንድ የእናንተ ኑሮ በፊልም ይታያል። ኧረ ጉድ ነው! ዘንዶ መግደልማ የእኛ የዘወትር ሥራ ነው፤ ማን ያየዋል? እናንተ ግን የውኃ ቢል ልትከፍሉ ስትሰለፉ፣ ወረፋው ሲደርስ ‹ኔትወርክ የለም› ስትባሉ... ልባችን ተንጠልጥሎ ነው የምናድረው። አያቴ በዚያ ክፍል ላይ ራሷን ስታ በውኃ ነው የተመለሰችው።»

«እና የሾፌሩ በር?»

«አባት ልጁን የሚጠብቅበት በር ነዋ! እሱን ያላየ ምን አየ ይባላል?» አለችና ፎቶግራፉን አሳየቻት። የፌቨን ቤት በር ነው። ሐምራዊቷ ልጅ ወዲያው አለቀሰች፤ እንባዋ በሁለት ቧንቧ ተስፈንጥሮ መንገዱን አረሰረሰው።

ፌቨን ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። መጡ! በመጨረሻ መጡ! ልትመራቸው እጇን ስታነሣ ግን ከኋላቸው አንድ ሹም አየች። ከረባት አስሯል፤ በትከሻው የበር ሳንቃ የሚያህል ላጲስ ተሸክሟል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። ሲያያት መሬት ሊስም ጎንበስ አለ።

«እመቤቴ፣ እባክሽ ጉዳዬን ጨርሺልኝ። ነገ ተመለስ ብቻ አትበይኝ። ከባለጉዳይ ባለጉዳይ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።»

«ጉዳይህ ምንድን ነው?»

«ሥዕሉና ቦታው ያልተስማማ እንደሆነ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ‹የእኔ ነው› ካለ ደኅና። ‹አላውቀውም› ካለ አጠፋዋለሁ። ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ።»

እንዴት እንደሚያጠፋም አሳያት። አጠገባቸው አንድ ሰው የራሱን አጥር ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሹሙ ጠየቀው። ሰውየው በስንፍና ዞር እንኳ ሳይል «እኔ እንጃ» አለ። ላጲሱ ሁለቴ ወዲያና ወዲህ ሲል አጥሩ ጠፋ፤ ሰውየው ባዶ ላይ ተደግፎ ኖሮ በጀርባው ተዘረረ። ከአጥሩ የተረፈው ፍርፋሪ ብቻ ነበር። ሹሙ ፍርፋሪውን እፍ ብሎ «ይቅርታ» አለው።

ፌቨን በልጅቷ እጅ ያለውን ፎቶግራፍ አየች። የበሩ ባለቤት አባቷ ናቸው። አባቷ ደግሞ «የእኛ ሰፈር አይደለም» ብለዋል። በሩ ከጠፋ ግቢው፣ ግቢው ከጠፋ ቤቱ፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እናቷ ቁጭ ብለው ሹራብ እየሠሩ ነው። ቶሎ አባቷን ማግኘት አለባት።

አገኘቻቸው። ሩቅ አልነበሩም። ሐምራዊቷ ልጅ አንድ ታክሲ መርጣ ሁሉም ሲገቡ፣ እያንዳንዱ ተሳፋሪ የየራሱን መሪ ይዞ ተቀምጧል። መሪ የሌላቸው ሾፌሩ ብቻ ናቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው በመስኮት ያያሉ። አቶ ይርዳው ናቸው።

«ወራጅ አለ!» አሉ ሾፌሩ።

«ገና ነው ጋሼ» አለች አንዲት ተሳፋሪ መሪዋን እያዞረች። «እኔ ወደ ቀኝ እያልኩ እሱ ወደ ግራ እያለ ነው። መጀመሪያ እንስማማ።»

«አባዬ!» አለች ፌቨን።

አቶ ይርዳው ዘወር ብለው አዩዋትና በትሕትና ፈገግ አሉ። «እኅቴ፣ ከማን ጋር አመሳሰልሽኝ? ትንሽ ጠጋ በይልኝ፤ ልወርድ ነው። መንገዱ የእኔ አይደለም፤ በግራ ነው የሚሄደው።»

«እኅቴ» መባሏ ፌቨንን ከላጲሱ ይልቅ አመማት። ቢሆንም ለለቅሶ ጊዜ የላትም፤ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሾፌሩ በየመታጠፊያው «ወራጅ አለ!» ሲሉ፣ እሷ «የለም! የለም!» እያለች ዳገቱን ጀመሩት። ዳገቱ ቁልቁል ነበር የሚወጣው።

መሐል ላይ ሲደርሱ መንገዱ ጠፋባቸው። አንድ ትንሽ ሱቅ፣ ከረሜላና ማስቲካውን እንደጫነ፣ አንድ ሰውዬ ደረቱ ላይ አንግቶ ሲያዞር አገኙት። ሐምራዊቷ ልጅ የሾፌሩን በር ጠየቀችው። ሱቁ ዝም አለ፤ የመለሰው የተነገተው ሰውዬ ነው።

«ቀጥ ብላችሁ ውጡ። ወደፊት ፋርማሲ የሚከፈትበት ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ። ከዚያ ገና ያልተወለደው ልጄ ሚስቱን የሚተዋወቅበት ጥግ አለ፤ እዚያ ስትደርሱ ማንንም ጠይቁ፣ ያሳያችኋል።»

የሥዕል ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ፌቨን ግን አልገረማትም። በእውኑም የሰፈሯ ሰው እንግዳ የሚመራው ድሮ በፈረሰ ወፍጮ ቤትና ድሮ በተቆረጠ ዛፍ ነው። ከነበረው ይልቅ የሚመጣው ሳይሻል አይቀርም ብላ ወደ ግራ ታጠፈች። በዚህ መሐል በየቤቱ አምፖሉ ሁሉ ቦግ ሲል ሰፈርተኛው እያጉረመረመ ወጣ። «ደግሞ ጨለማ ጠፋ! ትናንትም ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ነው የዋለው!»

በሩ ጋ ደረሱ። ልክ እንደ ሣለችው ቆሟል፤ የቆርቆሮው ዝገት እንኳ አልጎደለም። የሥዕል ሰዎቹ በአንድ ላይ «ወይኔ!» አሉና የሁሉም እንባ በአንዴ ተስፈነጠረ። ፎቶግራፋቸውን ከበሩ ጋር እያስተያዩ ይጨባበጣሉ። ማስታወሻ እንዲሆናቸው እርሳስ አውጥተው በሩ ፊት እርስ በርሳቸው ይሣሣላሉ።

«እኔን ድገመኝ! ዓይኔን አሳንሰኸዋል።»

«ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ፀጉርሽ እየነፈሰ አስቸገረኝ።»

ፌቨን በሳቅና በእንባ መካከል ሆነች። ይህን ቀን ስትመኝ ኖራለች፤ እንዲህ ያምራል ብላ ግን አላሰበችም። ሹሙም ላጲሱን አውርዶ ከረባቱን አስተካከለና ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«አቶ ይርዳው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን በር ያውቁታል?»

አቶ ይርዳው ተጠጉ። ቆርቆሮውን በእጃቸው ዳሰሱት። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹሙ ላጲሱን የበሩ ጥግ ላይ አሳረፈ። ጥጉ ነጭ መሆን ጀመረ። ከውስጥ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ «ምነው በረደ?» ሲል ተሰማ።

«አባዬ!» አለች ፌቨን። «አየኸው? ተሳስተናል፣ ገልብጠነዋል፣ አውቃለሁ። ሰውየው ግን አንተ ነህ! ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚህ ቆመህ ስትጠብቀኝ ነው የሣልኩህ። ቀኙም ግራውም ይቅርና እሱን እየው!»

አቶ ይርዳው ከበሩ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ፌቨን ጆሮዋን አስጠጋች። ሐምራዊቷ ልጅ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«ታገሺ። አፉ ቀድሞ ነው እንጂ ድምፁ ከኋላ እየመጣ ነው።»

ሁሉም ጠበቀ። ሹሙ ጠበቀ። በጎቹም ገበያውን ትተው መጥተው ጠበቁ። በመጨረሻ ድምፁ መጣ።

ቋ! ቋ! ቋ!

ፌቨን ባንና ተነሣች። ነግቷል። ድምፁ የመዶሻ ነው፤ የሚመጣውም ከግቢ ነው። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሮጣ ወጣች።

በሩ ከቦታው የለም። ተነቅሎ አጥሩን ተደግፏል። ቅዳሜን ያለ ታክሲያቸው ውለው የማያውቁት አባቷ በርጩማ ላይ ቆመው፣ ጥርሳቸው መሐል ምስማር ነክሰው፣ ማጠፊያውን በወዲያኛው መቃን ላይ ይመታሉ። እናቷ ከወዲህ በኩል የነበሩትን የአበባ ጣሳዎች ወደዚያ እየጎተቱ ነው። ውጭ ደግሞ ከዚህ በፊት አይታቸው የማታውቃቸው ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ተኮልኩለዋል። በየስልኩ ላይ የሚታየው የእሷ ሥዕል ነው።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

አቶ ይርዳው ምስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «እነዚህ ልጆች ከጎፋ ድረስ ነው የመጡት። ማታ ፊልሙን አይተው፣ ሲነጋ ዳገቱን እየጠየቁ። መጥተው ቢያስተያዩት ማጠፊያው በሌላው ጎን ሆኖ በሩ ከሥዕሉ ጋር አልገጠመም። ያቺ ልጅማ አኩርፋ ልትመለስ ነበር፤ ‹ይሄ አይደለም› ትለኛለች!»

«የተሳሳትነው እኮ እኛ ነን! ሥዕሉን አስተካክለዋለሁ፤ በሩ ምን አደረገ?»

«መሳሳቱንማ ተሳስታችኋል። ታክሲው በግራ መሄዱን አልምራችሁም» አሉ መዶሻውን እያነሡ። «ግን ሰው ከጎፋ ድረስ መጥቶ የገዛ በሬን አይደለም ብሎኝ ይሂድ? የእኔ በር ነው እኮ!»

አባቷ የመጨረሻውን ምስማር መትተው ከበርጩማው ወረዱ፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ኮሌታቸውን አቀኑ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

«ይልቅ ነይ፣ ልጆቹን አታስቁሚያቸው» አሉ። «እኔን የት ጋ ነበር ያቆምሽኝ?»